የዋንዛና የዝግባ መዝጊያ

ማዕዘን የሚባለው ነገር አናጺን ለማስመረር የተፈጠረ ይመስለኛል። ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ቁም ሳጥን መግጠም ማንም ይችላል። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ሲሆን ግን እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ጨለማ ኪስ ይፈጠራል፤ የግራው መዝጊያ ሲከፈት የቀኙን ይገጨዋል፤ የቀኙ ሲከፈት መተላለፊያውን ይዘጋል። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስልግ ኖሬ፣ ዛሬም የወጥ ቤት ማዕዘን ሥራልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ፊቴ ይጠቁራል። ሥራ ይመርጣል ይሉኛል። ይበሉ። እኔ የማውቀውን ማዕዘን እነሱ አያውቁትም።

የእናቴ ቤት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው የሚያልበው የድሮ ቤት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴ ብቻ ስለቀረን፣ ትርፍ ቤት በተወረሰበት ዘመን «ለሁለት ሰው ይኼ ሁሉ ክፍል ምን ያደርጋል?» ተባለና ቀበሌው ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ሳሎኑና አንዱ መኝታ ቤት ለእኛ ቀረ። የቀሩት ክፍሎች ከወሎ መጥተው አራዳ ውስጥ ለከረሙ ባልና ሚስት ተሰጡ። ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏቸው። ባልየው ድልድዩ አጠገብ የነበረቻቸው ሱቅ ከተዘጋች ወዲህ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች ይነግዱ ነበር። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሚስታቸውን እትዬ።

መተላለፊያው መሃል ላይ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ተመታና ቤቱ ሁለት ሆነ። ወጥ ቤቱ ግን አልከፈል አለ፤ ቧንቧው አንድ ነው። የቀበሌው ሰውዬ ቆሞ ብዙ ካሰበ በኋላ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና ከበሩ ጀምሮ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። «ከዚህ ወዲህ የእናንተ፣ ከዚህ ወዲያ የእነሱ» አለ። መስመሩ ሄዶ ሄዶ ጥጉ ላይ ከቆመው ቁም ሳጥን ሆድ ሥር አለቀ። በማግሥቱ እናቴ ወለሉን ስትወለውል መስመሩ ጠፋ። መልሶ የሚያሰምር አልመጣም።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ጎረቤት አልነበረችም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ድስት ስታስቀምጥ ታንኳኳለች፣ ቧንቧውን ስትዘጋ አጥብቃ ነው፣ ሰላምታ ስትመልስ በአፍንጫዋ ነው። የቤቷ ግማሽ የተወሰደባት ሴት ከማን ጋር ትኮራረፍ? ከቀበሌው ጋር መኮራረፍ አይቻል። አንድ ክረምት ግን ሳንባዋ ታመመና አልጋ ላይ ዋለች፤ እኔ ሥራ ስውል እትዬ ናት እየገባች አጥሚት ያጠጣቻት፣ ጀርባዋን ያሸቻት። ከአልጋዋ ስትነሳ «ይቺ ልጄ» ማለት ጀምራ ነበር። እሷም እናቴን እማማ አለቻት።

አሁን ወደ ቁም ሳጥኑ ልምጣ። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው፤ አንዱ ክንፉ በእኛ ግድግዳ፣ ሌላው በእነሱ ግድግዳ ላይ ያርፋል። መዝጊያው ሁለት ሰሌዳ ሆኖ መሃል ላይ በማጠፊያ የተያያዘ፣ በእኛ በኩል ብቻ የተንጠለጠለ ነበር። ስትስበው እንደ መጽሐፍ ይታጠፍና ሁለቱም ወገን በአንዴ ይከፈታል። ለአንድ ቤተሰብ ግሩም ነው። ለሁለት ቤተሰብ፣ ያውም አንዱ ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም ለሆነ፣ ጣጣ ነው። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላ፣ እነሱ የእኛን አይበሉ፤ የእኛ የሥጋ ድስት ከእነሱ የሥጋ ድስት መነካካት የለበትም። እትዬ ድስቷን ለማውጣት የእኛንም ወገን መክፈት ነበረባት፤ በዚህ ትሳቀቅ ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ ሁለቱን ሰሌዳዎች አለያየሁና የእኛን በእኛ በኩል፣ የእነሱን በእነሱ በኩል ሰቀልኳቸው። ሲዘጉ ጥጉ ላይ ይገናኛሉ። በግራ የእኛ ድስት፣ በቀኝ የእነሱ ድስት። መሃል ላይ፣ ያ ጨለማ ኪስ ውስጥ፣ ሥጋ የማይነካው ነገር ሁሉ ተቀመጠ፤ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ስኳር።

ስኳሩ እንዲህ ነው። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይሰጣል። የእነሱ የጾም ወር ሲገባ እናቴ የእኛን ድርሻ ለሻያቸው ትሰጣለች፤ የእኛ በዓል ሲቃረብ እትዬ የእነሱን ታመጣለች። እየቆየ ሲሄድ መስጠቱና መቀበሉ ቀረና ጥጉ ውስጥ አንድ የጨርቅ ከረጢት ተቀመጠ። ራሽኑ የደረሰው ይጨምርበታል፤ የፈለገ ይጨልፋል። የማን ስንት እንደሆነ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ያን ዓመት ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ጠፋ። ስብሰባ ተጠራና አሻጥረኞች ደብቀውት ነው ተባለ። ቀጥሎ የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። እኛ ቤት የደረሱት ቀትር ላይ ነው። እኔ ለምሳ ገብቼ ነበር፤ ጋሼም ከአትክልት ተራ ተመልሰው ለሶላት እጃቸውን ቧንቧው ላይ እየታጠቡ ነበር። ከመጡት የቀበሌ ጥበቃዎች አንዱ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና እንደማያውቀኝ ሆነ።

ሌላኛው የእኛን መዝጊያ በርግጫ መታው። ወደ ውጭ የሚከፈት መዝጊያ በርግጫ ይከፈታል? ይህ አናደደኝ። እንጨቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የእነሱን ደግሞ በሰደፍ ከነማጠፊያው ነቀሉት። ድስቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ወለሉ ላይ ከመሯቸው፤ የእኛም የእነሱም፣ ክዳኑ ከየትኛው እንደሆነ ሳይለይ። በመጨረሻ አንዱ ክንዱን እስከ ትከሻው ጥጉ ውስጥ አስገባና ከረጢቱን ጎትቶ አወጣ። የሁለት ቤት የወራት ስኳር ብርሃን ላይ ሲወጣ ብዙ ነው። እኔንም አስደነገጠኝ።

«የማን ነው?» አለ አለቃቸው።

እናቴ አፏን ከፈተች። ጋሼ ቀደሟት። እጃቸው ገና ውኃ እያንጠባጠበ፣ «የኔ ነው» አሉ።

እውነቱ እኮ ቀላል ነበር፤ የሁለት ቤት ነው ማለት ነበር። ግን በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ጥፋቱን ሲወስደው ሌላው ለመተንፈስ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ ስንተነፍስ እሳቸውን ከግቢው አስወጥተዋቸዋል። እትዬ በኋላ ስትነግረን፣ «እማማን ከሚወስዱ እኔን ሁለት ሦስት ቀን አስረው ይለቁኛል ብሎ ነው፤ ወላሂ ሌላ አይደለም» አለች። ከረጢቱንም ይዘው ሄዱ፤ የተሰበሩትን መዝጊያዎችም ይዘው ሄዱ። መዝጊያው ምን ያደርግላቸዋል እያልኩ ገርሞኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ጥበቃዎቹ እሳት የሞቁበትን አመድ አየሁና ገባኝ። ማጠፊያዎቼ አመዱ ውስጥ ጠቁረው ተኝተዋል። ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸው። የሚከለክለኝ አልነበረም።

ወጥ ቤት ስገባ ሁለቱ ሴቶች የድስቱ ክምር ዳር ቁጢጥ ብለው ነበር። ሁሉም ከአንድ ገበያ የተገዛ አሉሚኒየም ነው፤ ማን ይለየዋል? እናቴ ታሸታለች፣ እትዬ የጎደጎደውን በጣቷ ትዳስሳለች። «ይኼ የናንተ ነው፣ እጀታው የላላው።» «አይ እማማ፣ የኛ የላላው በግራ ነው።» ባልየው እስር ቤት ናቸው፣ እነሱ የድስት እጀታ ያመሳክራሉ። ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ቀን በእጃቸው ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሊለዩት ያልቻሉትን ሁሉ ለቆራሌው ሰጡት።

ሁለት ቀን አለፈ፣ ሦስት ቀን አለፈ፤ ጋሼ አልተለቀቁም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ መመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያለው።

«ስኳሩ የሁላችንም ነው ልጄ» አለችው።

«እማማ፣ እስላምና ክርስቲያን ድስት አይጋራም። ስኳር ይጋራል ልትሉኝ ነው?»

«ስኳር ይታረዳል እንዴ?» አለችው እናቴ።

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም፤ ሰው ፊት የተሳቀበት መሰለው። ይሁንና አሰናበተን እንጂ አልተቆጣም። «ሐሙስ ከቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ሰዎች ጋር መጥቼ ቁም ሳጥኑን በዓይኔ አያለሁ። በማን በኩል እንደሆነ ያኔ ይታወቃል» አለ።

ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። የምሠራበት የእንጨት ድርጅት ተወርሶ የትምህርት ቤት ወንበር ብቻ ነው የሚያመርተው፤ እዚያ ስልግ የዋልኩትን እንጨት አቧራ ከፀጉሬ ሳላራግፍ ጀመረችኝ።

«መዝጊያ ትሠራልኛለህ። እስከ ሐሙስ። እንደ ድሮው፣ የሚታጠፈውን። በእኛ በኩል ትሰቅለዋለህ።»

ወዲያው ገባኝ። መዝጊያው ሙሉውን በእኛ በኩል ከተንጠለጠለ ቁም ሳጥኑ የእኛ ነው። ቁም ሳጥኑ የእኛ ከሆነ ስኳሩ የእሷ ነው። እሳቸው ይፈታሉ፣ እሷ ትገባለች።

«በዚህ ሳንባሽ?» አልኳት። «እዚያ ሲሚንቶ ላይ ልትተኚ?»

«እሷ ሁለት ሕፃን አላት። እኔ ምን አለኝ? አንተ እንደሆንክ ጎርምሰሃል።»

«እኔ ምን ልሆን ነው?»

«አናጺ ነህ፣ በር ሥራ» አለችኝና ገባች።

እንጨት ከየት ይመጣል? ከድርጅቱ ቁራጭ ሳንቃ ይዞ መውጣት ራሱ ያሳስራል፤ ገበያ ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሸጥም። እናቴ አስባበት ኖሮ የአባቴን አልጋ ራስጌ አስነቀለችኝ። ጥሩ ዋንዛ ነው፣ ቡና ዓይነት፤ አባቴ ተደግፎ ጋዜጣ ያነብበት የነበረው ቦታ በፀጉሩ ቅባት ጠቁሯል። ለአንድ ሰሌዳ ይበቃል፤ ለሁለተኛው አይበቃም።

ለሁለተኛው ምን እንደማደርግ እያሰብኩ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እትዬ ቧንቧው አጠገብ ቆማለች። እግሯ ሥር ሳንቃ ደርድራለች። የሱቃቸው ባንኮኒ ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ አፍርሰው አልጋ ሥር አኑረውት ነበር። ቢጫ ዝግባ፣ ላዩ ላይ ሳሙና የተቆረጠበት የቢላ ምልክት ጥርስ በጥርስ ያደረገው።

«በር ልትሠራ ነው አሉ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በኛ በኩል አድርገው።»

«እትዬ፣ አንቺም?»

«ስማኝ። እሱ የኔ ነው ብሏል፤ ፈርሟል። የእናንተ ሆኖ ከተገኘ ዋሸ ብለው ይጨምሩበታል። እማማን ደግሞ ይወስዷቸዋል። ታዲያ ምን ተጠቀምን? አንድ ሰው ይበቃል። እሱ ወንድ ነው፣ ይችለዋል። እሳቸው እዚያ አንድ ክረምት አይወጡም፤ ሳንባቸውን ያሸሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። በአላህ ይዤሃለሁ።»

ውኃው እየፈሰሰ ቆምኩ። በሕይወቴ እንዲያ የተናደድኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ነበር። ዋንዛውን በአንድ ክንዴ፣ ዝግባውን በሌላው ይዤ ግቢው ውስጥ ያለችው ትንሽ ዳስ ሥር ሥራ ጀመርኩ።

እንጨቱን ስልግ የማስበው አንድ ነገር ነው። ለምን እንደነበረው አላደርገውም? ለየብቻ፣ እያንዳንዱ በራሱ ወገን። ያ እኮ እውነቱ ነው። አንድ ቁም ሳጥን፣ ሁለት መዝጊያ፣ ሁለት ቤት። ስኳሩ ለሁለት ሲካፈል ማንኛውም ቤት ሊኖረው የሚችል የራሽን ስኳር ነው፣ ወንጀል አይደለም። ለእናቴ ነገርኳት። «ግማሽ የእኛ ነው ካልክ ለሁለታችንም ገመድ ይዘው መጡ ማለት ነው» አለችኝ። ለእትዬ ነገርኳት። «ግማሽ ወንጀል የሚባል የለም ወንድሜ፤ ሁለት ቤት ይፈርሳል» አለችኝ። የፈራ ሰው ግማሹን አያምንም፤ ወይ ሁሉን ወይ ምንም ነው የሚታየው።

ሁለቱን ሰሌዳዎች ገጣጠምኩ፣ በኮላ አጣበቅሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የእትዬ ልጆች የዝግባውን ፍቅፋቂ እንደ ፀጉር እየጠቀለሉ ራሳቸው ላይ ይሰኩ ነበር። በየትም በኩል ቢሰቀል መሃሉ መያያዝ ስላለበት፣ ከአመዱ የለቀምኳቸውን ማጠፊያዎች መሃል ላይ መታሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ወገን መምረጥ ነበር። ረቡዕ ከሥራ እንደተመለስኩ እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እናቴ ናት፤ አቅም አጣሁ። በእኛ በኩል ሰቀልኩት። ብሎኑን አጥብቄ፣ ማንም እንዳይፈታው አድርጌ። ድስቶቹ ወደየቦታቸው ገቡ። ሲዘጋ ቆንጆ ነበር፤ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ቢጫ።

ሐሙስ ከድርጅቱ እንድወጣ የፈቀዱልኝ እኩለ ቀን ላይ ነው። እየሮጥኩ ግቢው በር ስደርስ ሊቀ መንበሩ፣ ሁለት የሸንጎ ሰዎችና አንድ ጥበቃ አብረውኝ ደረሱ። ተያይዘን ገባን። እናቴና እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ አይተያዩም።

ሊቀ መንበሩ ሄዶ መዝጊያውን ሳበ። አልተከፈተም። ጠንከር አድርጎ ሳበ። ቁም ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ፣ ውስጡ ድስት ተንኳኳ፣ መዝጊያው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ቁልፉን አምጡ!»

«ቁልፍ የለውም» አልኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ።

በእነሱ በኩል፣ ዝግባው ጠርዝ ላይ፣ ሌላ ማጠፊያ ተመትቷል። የሱቃቸው በር ላይ የነበረ ትልቅ ወፍራም ማጠፊያ ነው። እናቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እትዬ በወጥ ቤት ቢላ ጫፍ ስትገፋና ስታዞር፣ ብሎኑን አጣማ፣ ራሱን ልጣ፣ እንጨቱን ጭራ ገጥማዋለች። የእኛን ልትፈታ ሞክራ አቅቷት ነው፤ የቢላው ጭረት በእኛም በኩል ይታያል። በሁለት ወገን የተሰቀለ፣ መሃሉም የተያያዘ መዝጊያ እንደማይከፈት ከየት ታውቃለች? ግድግዳ ሠርታ ነበር።

ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥኩት።

«የኔ ነው» አለች እናቴ። «እዩት፣ በእኛ በኩል ነው የተሰቀለው። ልጄ ነው የሠራው።»

«የኛ ነው» አለች እትዬ። «ማጠፊያውን ተመልከቱ። የሱቃችን ነው። እንጨቱም የሱቃችን ነው።»

ከሸንጎው ሰዎች አንዱ፣ ሸምገል ያለው፣ ፈገግ አለ። መዝጊያውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ዋንዛውን፣ ከዚያ ዝግባውን። ሰውዬው ገብቶታል፣ አሁን ይናገራል አልኩ። ሊቀ መንበሩ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አናጺው አንተ ነህ? እስቲ አንተ ተናገር። የማን ነው?»

ወደ እናቴ አላየሁም፤ ካየሁ እንደማልናገር አውቄያለሁ። «የሁለቱም ነው» አልኩ። «ግማሽ ግማሽ። ስኳሩም የሁለቱም ራሽን ነው። መዝጊያው ሁለት ነበር፣ እናንተ ሰበራችሁት።»

«ውሸቱን ነው!»

ሁለቱም ናቸው። እናቴና እትዬ፣ በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ መልሰው እርስ በርስ ተያዩና ሁለቱም ደነገጡ።

ሊቀ መንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ። እንደ ቀልድ የወሰድነው መሰለው፤ ድጋሚ የተሳቀበት መሰለው። «በአብዮቱ ትቀልዳላችሁ? አንዱ የኔ ነው ይላል፣ አንዷ የኔ ነው ትላለች፣ አንዱ የሁላችን ነው ይላል። ሰውዬው አምኗል። ያመነ አምኗል።» ወረቀት አስመጣና መዝጊያው ላይ አስለጥፎ ማኅተም መታበት። እንዳይከፈት። ሸምገል ያለው ሰውዬ ሲወጣ እጄን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ምን ያድርግልኝ እጄን መያዙ?

ጋሼ ከቀበሌው የበላዩ ወደሆነው ከፍተኛ፣ ከከፍተኛም ወደ ትልቁ እስር ቤት ተዛወሩ። ድስቶቻችን ታሽገው ቀሩ።

በዚያን ጊዜ የሆነውን ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ከአትክልት ተራ መውጫ ላይ አንድ አዲስ ድስት ገዛሁ፤ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ። እሷን ሁለቱም ቤት አብስሎ ይበላባት ጀመር። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። ሥጋ ካልገባባት የማንም ናት፤ ስለዚህ ሥጋ አልገባባትም። እናቴ አንድ ቀን፣ እትዬ አንድ ቀን እየተፈራረቁ ከዚያችው ድስት ለጋሼ ስንቅ ይወስዳሉ። ፋሲካ መጣ። ድስት ላውስሽ ያላት ጎረቤት ሞልቶ ነበር፤ እናቴ ግን «የሥጋ ድስት የለኝም» ብላ ዶሮ ሳትሠራ ዋለች። እትዬም በዒዷ እንዲሁ አደረገች። ማንም አላዘዛቸውም፤ ተነጋግረውም አይመስለኝም። እኔ ሥጋ አማረኝ ብዬ ውጭ ስበላ የሌባ ያህል አፌን ጠርጌ ነበር ቤት የምገባው።

ጋሼ ሁለተኛውን ክረምት አልወጡም። እዚያ ውስጥ በሽታ ገብቶ ነበር። መርዶውን ያመጡት የመስጊዳቸው ሽማግሌዎችና የእናቴ እድር ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት ግቢው ውስጥ አንድ ላይ ቆመው ሳያቸው ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ጋሼ የሞቱት በዚያ ከረጢት ነው። ለሻይ በተጠራቀመ ስኳር ሰው ሞተ።

ለሰደቃው ብዙ ሕዝብ ይመጣል፤ ትልቁ የሥጋ ድስታቸው ደግሞ እሽጉ ውስጥ ነው። ሊቀ መንበሩ ተቀይሯል፣ ወረቀቱም ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተነሥቷል። ካቻቢቴዬን ይዤ ቁም ሳጥኑ ፊት ተንበረከክሁ። እትዬ በልቅሶ ዓይኗ አብጦ፣ እናቴ ክንዷን ይዛት ገቡ።

«ከየትኛው በኩል ልፍታው?» አልኩ።

«ከኛ በኩል ፍታው» አለች እትዬ።

እናቴ እንደ ተመታች ሆነች። «አይሆንም ልጄ። ከእኛ በኩል ይፍታው። ጥጉ የናንተ ይሁን።»

«እማማ፣ የሐዘን ወራቴን ስጨርስ ልጆቼን ይዤ ወደ አገሬ ነው። እዚህ ለማን እቀመጣለሁ? ለእናንተ ይቅር። እንጨቱም ይቅር፤ ከእንጨታችሁ ጋር ተላምዷል።»

እሷ በቢላ ጫፍ ያስገባቻቸው ብሎኖች ለመፍታት ከባድ ነበሩ። ራሳቸው ተልጦ ካቻቢቴው ያዳልጣል፤ ጠማማ ስለገቡ ጠማማ ነው የሚወጡት። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የመጨረሻው ሲወጣ መዝጊያው በአንዴ ወደ እኛ በኩል ታጠፈና ተከፈተ። ድስቶቹ ያን ረቡዕ እንዳስቀመጥናቸው ናቸው፤ በግራ የእኛ፣ በቀኝ የእነሱ። ከረጢቱ የነበረበት ጥግ ባዶ ነው፤ የፈሰሰችውን ጥቂት ስኳር ጉንዳን ጠርጎ ወስዷታል።

እናቴ ከኋላዬ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ያን ሐሙስ እውነቱን ስትናገር ዝም ብንልህስ ኖሮ?» አለችኝ።

ዞሬ አላየኋትም። ትልቁን ድስት ከጨለማው ጎትቼ አወጣሁና አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ ለእትዬ ሰጠኋት።